የቦርከና ዋልካና የተዳፋቱ ቀይ አፈር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ የሚታዩት ቀይና ጥቁር አፈሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የእሳተ ገሞራ ባዝልት የተገኙ ናቸው፤ የለያያቸው በዋናነት ውሃ ነው። ውሃ በደንብ በሚንጠፈጠፍበት ተዳፋት ዝናቡ ሲሊካንና ካልሲየምን አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ ካኦሊናይት ወደሚባለው፣ ውሃ ሲነካው እምብዛም ወደማያብጥ የሸክላ ማዕድን ያመራል፤ የሚቀረው ብረትም ዝጎ ያቀላዋል። ታጥበው የወረዱት ንጥረ ነገሮች በቦርከና ወንዝ ሜዳ ሲጠራቀሙ ግን ስሜክታይት የሚባል ሌላ የሸክላ ማዕድን ይፈጠራል፤ ይህ ማዕድን በንብርብሮቹ መካከል ውሃ እያስገባ ስለሚያብጥ፣ በክረምት ከጫማ ሥር አልላቀቅ የሚለው ጥቁሩ አፈር፣ ዋልካ፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ርሶ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲጠፈጠፍ ሳይበጠስ የሚረዝመውም እሱ ነው። ለቤት መሠረት፣ ተዳፋቱ የሚንሸራተት እስካልሆነ ድረስ፣ ቀዩን እመርጣለሁ፤ በክረምቱ መጨረሻ ለሚዘራ ሽምብራ ግን እርጥበት ይዞ የሚቆየውን ዋልካ የሚያህል የለም።