ነን ካፌዎች (የግቢውን ካፌ ትታችሁ የምግብ ብሩን በእጃችሁ የምትቀበሉ ተማሪዎች)፣ የአዲሱን ቅርንጫፍ የ3 ወር ኮንትራት ከመክፈላችሁ በፊት

ግቢ በር ፊት ለፊት ባነር ተሰቅሏል፣ ስፒከሩ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፣ ቀድሞ ለደረሰ ለስላሳ በነፃ ይታደላል። አዲስ አበባ ላይ ስሙን የምናውቀው ምግብ ቤት እኛ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ ማለት ነው። ሄዶ በርገሩን መቅመስ ክፋት የለውም፤ ካሽ ከፍላችሁ፣ በልታችሁ፣ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሚያሳስበው ባንኮኒው ላይ የተደረደረው ሌላ ወረቀት ነው፦ «የመክፈቻ ልዩ ኮንትራት፣ የ3 ወር ምሳና ራት በ9,000 ብር፣ ክፍያ በቅድሚያ።» እሱን ከታች ያለውን ሳታጣሩ አትክፈሉ።

ዋጋው ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል፤ 9,000ን ለስሌት እንያዘው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። 100 በ30 ቀን 3,000፣ በሦስት ወር 9,000። እንዲህ ልክክ ብሎ የገጠመ ዋጋ ስታዩ ተጠራጠሩ። የተተመነው ከሽሮውና ከእንጀራው ወጪ ተነስቶ ሳይሆን እጃችሁ ከሚገባው ብር ተነስቶ ነው። እናንተ ላይ ስንት ምግብ እንደሚደርስ ደግሞ ወረቀቱ አይናገርም።

እንቁጠረው። 90 ቀን፣ በቀን ሁለት፣ 180 ምግብ። 9,000 ለ180 ሲካፈል 50 ብር ይመጣል። ዛሬ በ50 ብር ምሳ የሚሰጥ ቤት እንደልብ ስለማይገኝ ሁሉም ይሰለፋል። ነገር ግን ስትከፍሉ የሚሰጣችሁ የኮንትራት ካርድ የሚቆጥረው ቀን እንጂ ምግብ አይደለም። ያልተበላ ቀን ይቃጠላል። የሴሚስተር እረፍት 14 ቀን ቢሆን 28 ምግብ ሄደ። ቤቱ ለበዓል 2 ቀን ቢዘጋ 4። የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሲረዝም፣ ፈተና ሲደራረብ፣ መብራት ጠፍቶ «ምግቡ አልደረሰም» ሲባል በሳምንት አንድ ቢያመልጣችሁ በ12 ሳምንት 12። የቀረው 136 ነው። የአንዱ ዋጋ 66 ብር ገባ። ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ቫትን አይጨምርም» የሚል ካለ 15 በመቶ ጨምሩበት፤ 10,350 ለ136 ሲካፈል 76 ብር ነው። የካርድ ማሠሪያ፣ ጭማሪ እንጀራ፣ ውኃ ገና አልተነካም። ከግቢው ጀርባ ያሉት እማማ ቤት በወር የሚያስከፍሉትን ጠይቃችሁ አወዳድሩ። እሳቸው ማታ «ነገ የለሁም» ካላችኋቸው ቀኑን ይቀንሱላችኋል።

ባነሩ ላይ ጥብስና በርገር ተነሥቷል። ኅዳር 1 ጀምራችሁ ጥር 30 የሚያልቅ ኮንትራት ብትይዙ ግን የጾም ቀኑን አስሉት። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28፣ 44 ቀን ነው። ከዚያ ውጭ የሚቀሩትን ረቡዕና ዓርብ ስትጨምሩበት 57 ቀን ያህል ይሆናል። ለሚጾም ተማሪ ከ90ው ቀን 57ቱ ሽሮ፣ በያይነቱና ፓስታ በሶስ ነው ማለት ነው። የጾም ምግብ ለቤቱ ርካሽ ነው፣ ኮንትራቱ ላይ ግን ዋጋው ያው ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ደግሞ የምሳው መስኮት 7:30 ላይ ከተዘጋ ምሳውን በየቀኑ እየከፈለ አይበላም። ሁለተኛው ሴሚስተር ይብሳል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ሙስሊም ተማሪ ረመዳንን ሙሉ ምሳው ይቃጠላል ወይስ ወደ ሱሁር (ከንጋት በፊት ወደሚበላው ምግብ) ይዞርለታል? ይህን ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ አስገቡ። «እናስተካክላለን» መልስ አይደለም።

እስካሁን ያለው ስሌት ነው፣ ብታጡም የምታጡት ጥቂት ብር ነው። ዋናው አደጋ ውሉን ከማን ጋር እንደገባችሁ አለማወቅ ላይ ነው።

በሩ ላይ ያለው ስምና ብራችሁን የሚወስደው ድርጅት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ስም በፍራንቻይዝ ይከራያል፤ ነውር የለውም፣ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። ፒዛ ሀት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያመጣው በላያብ የተባለ አገር ውስጥ ያለ ድርጅት ነበር፤ ስሙ የአሜሪካ፣ የሚሠራው የአገር ቤት። ትንሽ ከተማ ላይም እንዲሁ ስሙን፣ ቀለሙንና ሜኑውን የተከራየ ግለሰብ በራሱ ንግድ ፈቃድ ይከፍታል። ቅርንጫፉ ሲዘጋ የአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት «ውሉ ከእኛ ጋር አይደለም» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማጣራት 10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሻይ አዝዙና የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ተቀበሉ። አናቱ ላይ የግብር ከፋዩ ስምና 10 አሃዝ ያለው ቲን ቁጥር አለ፣ ዝቅ ብሎ ኤፍኤስ ቁጥር (የደረሰኙ ተራ ቁጥር)። ያንን ስም ከኮንትራት ወረቀቱ ማህተም ጋር አስተያዩ። ማህተሙ ላይ የታወቀው የምግብ ቤት ስም፣ ደረሰኙ ላይ የአንድ ሰው ስም ካለ ውላችሁ ከዚያ ሰው ጋር ነው። ቲኑን የንግድ ሚኒስቴሩ ኢ-ትሬድ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፈቃዱ መታደሱን እዩ፤ የእድሳቱ ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ቅርንጫፍ ደውሉና «ይህ ካርድ እናንተ ጋ ይሠራል?» በሉ። አይሠራም ካሉ ስሙ ለእናንተ ዋስትና አይሆንም።

አከፋፈሉንም እዩ። ድርጅት በቴሌብር የነጋዴ ቁጥር አለው፤ ከማረጋገጫው በፊት የሚመጣው ስም ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። «ለጊዜው በዚህ ስልክ ላኩልኝ» ብሎ ዶርም ለዶርም የሚዞረው ተማሪ ወኪል ጓደኛችሁ ቢሆንም በእያንዳንዱ ሰው ኮሚሽን ሊኖረው ይችላል። ለግለሰብ ስልክ የተላከ ብር ሰው ለሰው የላከው ሆኖ ይመዘገባል። ኋላ «ለምግብ ነበር» ብሎ ማስረዳት የእናንተ ሸክም ነው። «ደረሰኙን በኋላ እንሰጣለን» ከተባለ ደግሞ ክፍያውም በኋላ ይሁን።

አሁን ካፌ የምትበሉ ከሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ካፌና ነን ካፌ የሚመዘገበው በሴሚስተር መጀመሪያ ነው። ሚል ካርዱን (የግቢ ካፌ መመገቢያ ካርዱን) መልሳችሁ ነን ካፌ ከሆናችሁ በኋላ አዲሱ ቤት በሁለተኛው ወር ቢዘጋ ወደ ካፌ መመለሱ ብዙውን ጊዜ እስከሚቀጥለው ሴሚስተር አይቻልም። በወር የሚገባው ብር ሲዘገይ ደግሞ መሀል ላይ ትቀራላችሁ። ኮንትራቱን ፈልጋችሁ ብቻ ነን ካፌ አትሁኑ። በተለይ ፍሬሾች (የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች)።

«ለምን ይዘጋል? ሰው ሞልቶ የለም እንዴ?» የሚል አለ። መሙላቱ ራሱ ነው ችግሩ። በመጀመሪያው ሳምንት 300 ተማሪ 9,000 ቢከፍል 2.7 ሚሊዮን ብር ተሰበሰበ። ያ ብር ለኪራይ ቅድሚያ፣ ለጄኔሬተር፣ ለወንበርና ለስም ኪራይ ይወጣል። በሁለተኛው ወር 300 ሰው በቀን 600 ምግብ ይፈልጋል፤ ከእነሱ የሚገባ አዲስ ሳንቲም ግን የለም። ሽንኩርት፣ ዘይትና ጤፍ የሚገዛው ካሽ ከሚከፍለው ደንበኛ ነው። እንደ ደብረ ታቦር፣ እንጅባራ ወይም ወልዲያ ባለ ከተማ ደግሞ የካሽ ደንበኛውም በአብዛኛው ያው ተማሪ ነው፤ ኮንትራት የያዘው። ክረምት ሲገባ እሱም የለም። ባለቤቱ ሌባ መሆን አያስፈልገውም፤ ስሌቱ ብቻውን ይጥለዋል።

ሲወድቅ አስቀድሞ ይታወቃል። መጀመሪያ የኮንትራትና የካሽ ሰልፍ ይለያል። ቀጥሎ የሥጋው ነገር በየቀኑ «አልቋል» ይሆናል፣ ለካሽ ግን አለ። ሽሮው ይቀጥናል፤ ማንኪያውን ስታነሱት እንደ ውኃ ከወረደ ዱቄቱ ተቀንሷል። እንጀራው ነጥቶ፣ ስትጠቀልሉት መሀሉ ላይ ከተሰነጠቀ ሩዝ ወይም በቆሎ በዝቶበታል። (መቀላቀሉ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ በጤፍ ዋጋ መሸጡ ነው የሚያናድደው።) ሁለተኛ እንጀራ በክፍያ ይሆናል። የራቱ መስኮት እስከ 2 ሰዓት የነበረው 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አስተናጋጆቹ ከተቀያየሩ፣ ባለቤቱም «አዲስ አበባ ሄዷል» መባል ከጀመረ ብዙ ጊዜ አልቀረም። ከነዚህ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ካያችሁ የቀረውን ብር የምትጠይቁበት ቀን ያ ነው።

ኮንትራት መያዝ ራሱ ጥፋት አይደለም። አያያዙን አሳምሩት። መጀመሪያ አምስት ጊዜ በካሽ ብሉ፤ ሁለቱ ከመክፈቻው ሳምንት በኋላ ይሁኑ፣ አንዱ በጾም ቀን፣ አንዱ ሕዝብ በሚበዛበት ምሳ ሰዓት። ከዚያ በሳምንት ክፈሉ፤ ግፋ ቢል በ15 ቀን። ካርዱ ቀን ሳይሆን ምግብ ይቁጠር፦ «30 ምግብ፣ በ60 ቀን ውስጥ የሚበላ» ዓይነት። ወረቀቱ ላይ የፍስክና የጾም ምግቡ ዝርዝር፣ ስንት እንጀራ እንደሚቀርብ፣ የምሳና የራት ሰዓቱ፣ ቫት መካተቱ፣ ቤቱ ሲዘጋ ያልተበላው በስንት ቀን ውስጥ በብር እንደሚመለስ ይጻፍ። ፈራሚው ስሙንና ኃላፊነቱን ያስቀምጥ፣ ማህተሙ ከደረሰኙ ስም ጋር ይግጠም። የ15 በመቶ ቅናሽ በሳምንት ክፍያ ከተሰጣችሁ በ3 ወር ቅድሚያ ከሚሰጥ 40 በመቶ ይሻላል። እምቢ ካሉ ለምን አሁኑኑ ሙሉውን እንደፈለጉ ገብቷችኋል።

ከከፈላችሁ በኋላ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ዛሬ የካርዳችሁን ሁለቱንም ገጽ፣ የባነሩን ፎቶና የቴሌብር መልእክቱን አስቀምጡ። ባነሩ ነገ ሊነሳ ይችላል። የቀረውን ምግብ ቆጥራችሁ ብሩን የምትጠይቁበት አንድ ገጽ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ስጡ፣ ሌላው ላይ «ደርሶናል» ብለው ይፈርሙ። አንፈርምም ካሉ ሁለት ሰው ባለበት ስጡና ቀኑንና ስማቸውን ጻፉ። በየዶርሙ ካርድ የያዘውን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቡ፦ ስም፣ የከፈለው፣ የበላው፣ የቀረው። አንድ ተማሪ ብቻውን ሲሄድ ነገ ና ይባላል፣ 80 ሰው የፈረመበት ሠንጠረዥ ግን ጠረጴዛ ላይ አይቀርም። ያንን ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል። ደረሰኝ የከለከላችሁ ካለ ጉዳዩ ገቢዎችንም ይመለከታል፤ የገቢዎች ሰው ሲመጣ ብዙ ነገር በፍጥነት ይስተካከላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ ክስ የሚጻፍላችሁ እዚያ ነው። ይህን ሁሉ ግን ከሰኔ በፊት ጨርሱ፤ ግቢው ከተበተነ በኋላ ፈራሚዎቹም ባለቤቱም አንድ ቦታ አይገኙም።