የልብ ኩራዝ፦ የባኑ ሙሽታቅ 12 ታሪኮች

ይህን መጽሐፍ የገዛሁት ሽልማት ስላገኘ ነው። በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ልቦለድ የሚሰጠውን የኢንተርናሽናል ቡከር ሽልማት ወሰደ ሲባል ሰማሁና ስልኬ ላይ ጫንኩት። አሁን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ሽልማቱን ረስቼዋለሁ፤ ሴቶቹ ግን አልለቀቁኝም።

የእንግሊዝኛው ስሙ «ሃርት ላምፕ» ነው። እኔ «የልብ ኩራዝ» እለዋለሁ። ባኑ ሙሽታቅ ከ1990 እስከ 2023 በካንናዳ ቋንቋ ከጻፏቸው ታሪኮች 12ቱን መርጣ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ዲፓ ባስቲ ናት። ካንናዳ ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ውስጥ የሚነገር ቋንቋ ነው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ ከሱ የተተረጎመ መጽሐፍ ይህን ሽልማት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። የአጫጭር ታሪኮች መድበልም ከዚህ በፊት አሸንፎት አያውቅም።

ርዕሱን የሰጠችው ታሪክ የመህሩን ናት። ባሏ ሌላ ሴት ወዶባት፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ወላጆቿ ቤት ትመጣለች። እንኳን ደህና መጣሽ የሚላት የለም። ወንድሞቿን ያስጨነቃቸው የቤተሰቡ ስም ነው፤ ውለው ሳያድሩ ይዘዋት ወደ ባሏ ቤት ይመልሷታል። ሌሊት ላምባውን በላይዋ ላይ ታርከፈክፈዋለች። ያን ጊዜ ትልቋ ልጇ ሳልማ ሕፃኗን ይዛ ትደርስና «ትተሽን አትሂጂ» እያለች ትለምናታለች። እዚህ ጋ ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

በኋላ ነው የደራሲዋን ታሪክ ያወቅኩት። ባኑ ወደውና ፈቅደው ነው ያገቡት፤ ግን ከሠርጉ በኋላ ቡርቃ ልበሺ፣ ቤት ዋይ ተባሉ። በ29 ዓመታቸው ወለዱና ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ድብርት ክፉኛ ያዛቸው። አንድ ቀን ራሳቸው ላይ ቤንዚን አፈሰሱ። ባላቸው ደርሰው ክብሪቱን ቀሟቸው፣ ሕፃኗንም እግራቸው ስር አስቀምጠው እንዳይተዋቸው ለመኗቸው። ይህን ራሳቸው ተናግረውታል። እንግዲህ ታሪኩን ተመልሳችሁ ስታነቡት ክብሪቱ ይከብዳችኋል።

የተወለዱት በ1948 ሃሳን ከተማ ነው። በ8 ዓመታቸው በካንናዳ የሚያስተምር የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ በ6 ወር ማንበብና መጻፍ እንዲችሉ ቅድመ ሁኔታ ተቀመጠባቸው፤ እሳቸው ግን በቀናት ውስጥ መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ጋዜጠኛ ሆኑ፣ ቀጥሎ ጠበቃ። የካስትን (ሰው በትውልዱ ከፍና ዝቅ የሚደረግበትን ሥርዓት) እና የመደብ የበላይነትን ይቃወም የነበረው የባንዳያ የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ውስጥም ነበሩ። ሙስሊም ሴቶች መስጊድ ገብተው መስገድ ይችላሉ በማለታቸው በ2000 የገዛ ማኅበረሰባቸው አገለላቸው። መጻፋቸውን ግን አላቆሙም። ረጅም ልቦለዳቸው አንድ ብቻ ነው፤ የአጫጭር ታሪክ መድበል ግን 6 አላቸው፣ እኔም እጃቸው የሚታወቀው በአጭሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠበቃነታቸው ታሪኮቹ ውስጥ ይታያል። ሴት ልጆች ብቻ ወለድሽ ተብላ የተተወችው አሽራፍ መስጊድ ድረስ ሄዳ መብቷን ስትጠይቅ፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ ዕድሜ ልክ ሲሰማ የኖረ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። «ከፈን» (የሬሳ መገነዣ ጨርቅ) የሚለው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚገድላችሁ። ድሃዋ ያሲን ቡዋ ስሞት በመካው የተቀደሰ ውኃ፣ በዘምዘም የተነከረ ከፈን ይሁንልኝ ብላ፣ ያጠራቀመቻትን ብር ሐጅ ለምትሄደው ሀብታም ሴት ትሰጣለች። ሀብታሟም ትረሳዋለች። በቃ፣ መርሳት ብቻ ነው ወንጀሉ።

ትርጉሙን በጣም ወድጄዋለሁ። ዲፓ የካንናዳና የኡርዱ ቃላትን በሰያፍ ፊደል አልለየቻቸውም፣ የግርጌ ማስታወሻም አላደረገችም፤ ሰው በዝምድና ስሙ ሲጠራ እንዳለ ትታዋለች። እትዬና ጋሼ እያለ ላደገ አንባቢ ይህ ምንም አይከብድም። እንዲያውም እንግሊዝኛው የሰው ቤት አልመሰለኝም።

ጉድለቱንም ልናገር። አንዳንዱ ታሪክ ገና ሲጀመር ስም ይደራረብና ማን የማን ባል እንደሆነ ለመለየት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለት ሦስቱ ደግሞ በጥድፊያ ነው የሚያልቁት፣ በተለይ ነገሩ ሊጦዝ ሲል። ለዚህ ብዬ ግን አትግዙት አልልም። ግዙት።

በተርታ ማንበብ የለባችሁም፣ በ«ከፈን» ጀምሩ። የመጨረሻዋን ብቻ ለመጨረሻ አቆዩዋት። እዚያ ላይ አንዲት ሴት የደረሰባትን ሁሉ ለፈጣሪ ትነግረውና፣ ዓለምን እንደገና የምትሠራ ከሆነ እስቲ አንዴ ሴት ሆነህ ና ትለዋለች።