በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር፦ ስማቸው ተመሳስሎ አቅማቸው የሚለያይ ዕቃዎች ንጽጽር

በጀቱ የጠበበ ገዢ በጣም የሚጎዳው የተቀነሰውን ዕቃ በሙሉው ስም ሲገዛ ነው። ውስጡ የተቆረጠ ግራፊክስ ካርድ፣ ካሹ (የፕሮሰሰሩ የራሱ ፈጣን ሚሞሪ) ግማሽ የሆነ ፕሮሰሰር፣ ዋቱ የተጋነነ ፓወር ሰፕላይ ገበያው ላይ ሞልቷል። ከታች የተነጻጸሩት በ1080ፒ (1920 በ1080 ነጥብ ባለው ስክሪን) ለመጫወት ታስበው የሚገዙና በቀላሉ የሚያምታቱ ዕቃዎች ናቸው።

ግራፊክስ ካርድ

ከጠቅላላው በጀት እስከ ግማሽ የሚጠጋው እዚህ ቢውል አይቆጭም። በሠንጠረዡ የሚሞሪ ስፋት ማለት ካርዱ ከራሱ ሚሞሪ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ስፋት ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ ሲሆን ሌን ደግሞ በዚያ ዳታ የሚያልፍበት መስመር ነው።

| ካርድ | ሚሞሪ | የሚሞሪ ስፋት | የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሌን | ኃይል |
|---|---|---|---|---|
| አርቲኤክስ 3060 | 12 ጊጋባይት | 192 ቢት | 16 | 170 ዋት |
| አርኤክስ 6600 | 8 ጊጋባይት | 128 ቢት | 8 | 132 ዋት |
| አርቲኤክስ 3050 | 8 ጊጋባይት | 128 ቢት | 8 | 130 ዋት |
| አርቲኤክስ 3050 | 6 ጊጋባይት | 96 ቢት | 8 | 70 ዋት |
| አርኤክስ 6500 ኤክስቲ | 4 ጊጋባይት | 64 ቢት | 4 | 107 ዋት |

ሁለቱ 3050ዎች በሚሞሪ ብቻ የሚለያዩ ይመስላሉ። ባለ 6 ጊጋባይቱ ግን ኮሮቹም (የስሌት ክፍሎቹ) ከ2560 ወደ 2304 ወርደዋል። ይህ ካርድ የሚያዋጣው ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ለማይቻል ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ አብዛኞቹ ሞዴሎች ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልጉም። ለሌላ ኮምፒውተር አትግዙት።

3060ም መንትያ አለው። ባለ 8 ጊጋባይቱ የኮሩ ቁጥር እኩል ቢሆንም ስፋቱ ወደ 128 ቢት ስለጠበበ ፍጥነቱ በግልጽ ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ 12 ጊጋባይት የሚል ካላያችሁ ተዉት።

ባለ 12ቱ 3060 እና አርኤክስ 6600 ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ነጸብራቅን አስመስሎ የሚያሰላው የጌም ቅንብር) ሳይበራ በ1080ፒ ተቀራራቢ ናቸው። ከጌም ሌላ በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) የምትሠሩ ወይም ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ፣ ወይም ዲኤልኤስኤስን (ዝቅ ባለ ጥራት የተሠራን ምስል አሳድጎ ጌሙን የሚያፈጥነውን የኤንቪዲያ ዘዴ) የምትፈልጉ ከሆነ 3060ው ይሻላችኋል። ለጌም ብቻ ከሆነ ግን 6600ው አነስተኛ ኃይል ወስዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በጠባብ በጀት መጀመሪያ መፈለግ ያለበትም እሱ ነው።

6500 ኤክስቲን በተለይ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አትሰኩት። 4 ጊጋባይቱ ሲሞላ ካርዱ ዳታ ከኮምፒውተሩ ራም ለማምጣት ይገደዳል፤ ያለው መንገድ 4 ሌን ብቻ ስለሆነ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 (ከ4.0 በዘገየው የቀድሞ ትውልድ) ላይ ጌሙ ይቆራረጣል። ቪዲዮ መቅረጫ ኢንኮደርም የለውም፤ ጌማቸውን በቀጥታ ለሚያሰራጩ አይሆንም።

ፕሮሰሰር

ራይዘን 5 5600፣ 5500 እና 5600ጂ ሦስቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) አላቸው። ልዩነቱ ካሹ ላይ ነው፦ 5600ው 32 ሜጋባይት የኤል3 ካሽ ሲኖረው ሁለቱ 16 ብቻ አላቸው፤ ጌም ደግሞ ካሽ ይወዳል። ከዚህ ሌላ ሁለቱ የሚሠሩት በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው። 5600ጂን የሚያስመርጠው አብሮት የተሠራው ግራፊክስ ነው፤ ካርዱን ከወራት በኋላ ለሚገዛ ሰው እስከዚያ ያቆየዋል።

ኮር አይ5-12400ኤፍ በጌም ከ5600 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። 5600 የሚሰካበት የኤኤም4 ቦርድ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት ብቻ ይቀበላል፤ በኋላ ግን 96 ሜጋባይት ካሽ ያለውን 5700ኤክስ3ዲ በዚያው ቦርድ ላይ መትከል ይቻላል። የኢንቴሉ ኤልጂኤ1700 ቦርድ እንደ ሞዴሉ ወይ ዲዲአር4 ወይ ዲዲአር5 ነው፤ የራሙ መቁረጫ ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ራሙን ከቦርዱ በፊት አትግዙ።

5600ም 12400ኤፍም የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካችሁ ምስል አይመጣም፤ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሰካ።

ለ5600 ቢ550 ቦርድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ይሰጣል፣ ኤ520 እና ቢ450 በ3.0 ይቆማሉ። ከ6600 ጋር ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ በጀት ካነሰ ኤ520 ይበቃል። መጋዘን የቆየ ቢ450 ግን ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካልታደሰ 5600ን አያውቀውም፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ምስል ሳይመጣ ይቀራል።

ራም

ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ከአንድ ባለ 16 ይሻላል። አንድ ዲዲአር4-3200 በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ሁለቱ ሲጣመሩ 51.2። አራት ማስገቢያ ባለው ቦርድ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰኳቸው። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር) አብሩ፤ ካልበራ 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2666 ይሠራል፣ ባለቤቱም ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።

ፓወር ሰፕላይ

ሌላውን ዕቃ ሁሉ ይዞ ሊጠፋ የሚችለው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቁጠባ አያዋጣም። 5600 ከ6600 ጋር በሙሉ ጭነት ከ300 ዋት በታች ይወስዳል፤ እውነተኛ 500 ወይም 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። እውነተኛነቱን ከጎኑ ተለጣፊ ታውቃላችሁ፦ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙ። 45 አምፔር ከሆነ 540 ዋት ነው፤ 550 የሚለው ጽሑፍ ልክ ነው። 500 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ 25 አምፔር ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚካፈሉት 300 ዋት ብቻ ነው።

80 ፕላስ ብሮንዝ የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለሚባክነው ኃይል ነው፤ መከላከያ ሰርኪዩቱ ጥሩ መሆኑን አያረጋግጥም። ባለ 8 ፒን የካርድ ገመድ ከራሱ የሚወጣ መሆኑንም እዩ፤ ከሞሌክስ (ከአሮጌው ባለ 4 ፒን የኃይል ማገናኛ) በአስማሚ የሚቀጠል ገመድ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ጌም ሲከብድ ኮምፒውተሩ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ ዊንዶውስን ከመቀየር በፊት ይህንን ጠርጥሩ።

ኤስኤስዲ

ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት በሴኮንድ 3500 ሜጋባይት ሊያነብ ይችላል፣ ሳታ የሚባለው የቆየው ዓይነት 550 ያህል። ጌም ሲከፈት ግን ልዩነቱ በአብዛኛው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ስለዚህ ከፈጣን 500 ጊጋባይት ይልቅ ርካሽ 1 ቴራባይት ይመረጣል። ኤም.2 ቅርጽ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ቦርድ) ያለው ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም፤ የሳታው ዓይነት ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ውስጥ አይታይም።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ሚሞሪውን ከላይ ካለው ሠንጠረዥ፣ ኮሩን ደግሞ ከአምራቹ መግለጫ ጋር አመሳክሩ፤ ባዮሳቸው ተቀይሮ የሌላ ካርድ ስም የሚያሳዩ አሉ። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ 2304 ሳይሆን 2048 ኮር ያለው ካርድም በብዛት ይገኛል። ከዚያ ከባድ ጌም ወይም የጭነት መፈተሻ ለ20 ደቂቃ አሂዱ፤ ባለቀለም ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ስክሪኑ ከጠቆረ ወይም ፋኑ ከተንኳኳ አትውሰዱት።