ሕርማታ መርካቶ ያለችው የእንስሳት መድኃኒት ቤት እና የእኛ ዋንዚቱ

ይህ ጽሑፍ ጅማ፣ ሕርማታ መርካቶ ውስጥ ስላለች አንዲት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። ጠባብ ሱቅ ናት። ታፔላዋ ላይ ላም፣ በግና ዶሮ ተስለዋል፤ ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን አድክሞታል። እኔ ደንበኛ የሆንኩት በዶሮዎቼ ነው፤ የፈንግል ክትባት የምገዛው ከዚያ ነው። ባለፈው ነሐሴ ግን የሄድኩት ለዶሮ ሳይሆን ለሽኮኮ ነበር።

ሽኮኮ ስል የገደሉን፣ ጅራት የሌለውን ማለቴ አይደለም። የዛፉን ነው። ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ያለበትን፣ ከቡናችን በላይ ከአንዱ የጥላ ዛፍ ወደ ሌላው እየዘለለ የሚሄደውን።

የምንኖረው ጅረን ነው። ጓሯችን ጫፍ ላይ ያረጀ ዋንዛ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ግማሹን ገንድሶ ጣለው። ጠዋት ልጄ ጭራሮ ልትለቅም ወጥታ እየጮኸች ተመለሰች። የተሰነጠቀው ግንድ ሆድ ውስጥ፣ እርጥብ ቅጠል ላይ፣ ሁለት ግልገሎች ተኝተዋል። ዓይናቸው ገና አልተከፈተም። አንዷ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች።

መጀመሪያ የሮጥኩት ለቤታችን ወደሚቀርብ ሌላ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ እንኳ አላያቸውም። «የላም ወተት አጠጫቸው፤ ይሄን ደግሞ በጥብጠሽ ጨምሪበት» ብሎ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ሸጠልኝ። 180 ብር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ያለኝን አደረግሁ። የቀዘቀዘችውን ሳላሞቃት በማንኪያ ጫፍ ወተት አንጠባጠብኩላት። በአፍንጫዋ ተመለሰ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳያት ሞታለች። ሁለተኛዋን ደግሞ ሲያስቀምጣት አደረ። ልጄ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ካርቶኑን ታቅፌ በባጃጅ ወደ ሕርማታ ወረድኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ምሩቅ ነው፤ ዲፕሎማው ከመደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል። ከፊቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ስነግረው ይቅርታ ጠይቋቸው እጁን ታጠበና ከፈተው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም።

«ማዘር፣ እናቷስ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ያን ጊዜ የነገረኝን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የሽኮኮ እናት ጎጆዋ ሲፈርስ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጎጆ ታዛውራለች። የሰው እጅ ነካቸው ብላ አትተዋቸውም። ስለዚህ ግልገሉ ካልቆሰለና ሙቀት ካለው፣ ከሥሩ የሚሞቅ ነገር ተደርጎለት ክፍት ካርቶን ውስጥ እዚያው ዛፉ ሥር ይቀመጣል። ሰው ራቅ ይላል፤ ውሻና ድመት ይያዛል፤ እስኪመሽ እናቲቱ ትጠበቃለች። እኔ ይህን ሁሉ አላደረግሁም። ዶክተሩ ግን አልወቀሰኝም። «አሁን ቀን አልፏል፤ እሷም ታማለች። እንይዛታለን» አለ። «እንይዛታለን» ማለቱ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የአንቲባዮቲኩን ፓኬት አወጣሁና አሳየሁት። ልክ እንደሱ ያለ ከኋላው መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ቢፈልግ ሌላ ጨምሮ ይሸጥልኝ ነበር፤ እኔም ጨንቆኝ ስለነበር ያለኝን ሁሉ እከፍል ነበር። «ይሄ ለእሷ አይሆንም ማዘር። ያመማት ብርድ፣ ረሃብና የላም ወተቱ ነው» አለኝ። ይህችን ሱቅ እንድወድ ያደረገኝ ይህ ነው።

ጣቱን ከሆዷ ሥር አስገብቶ ቆየ። አሁንም ቀዝቃዛ ናት። የቀዘቀዘ ግልገል አይመገብም፤ ሆዱ መፍጨት አይችልም። ከጎን ካለው ሻይ ቤት ሙቅ ውሃ አስመጣ። በሃይላንድ ሞልቶ በጨርቅ ጠቀለለና ከካርቶኑ በአንዱ ግማሽ ሥር ብቻ አደረገው፤ ከሞቃት ወደ ሌላው ጎን እንድትሸሽ ነው። ያነጠፍኩትን ፎጣም አወጣው። የፎጣ ክር ጥፍራቸውን ይይዛል። በአሮጌ ቲሸርት ለወጥነው።

ከዚያ ክብደቷን ማወቅ ፈለገ። የሱቁ ሚዛን የጥጃ ነው። ዶክተሩ ይዞን ሁለት በር አልፎ ወደ አንድ ወርቅ ቤት ገባ። ወርቅ ሠሪው የሚዛኑ ሳህን ላይ ጨርቅ አነጠፈ፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰና ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። 38 ግራም። ቀለበት ሊመርጡ የመጡት ሙሽሮች ቀለበታቸውን ትተው እሷን ያዩ ጀመር። ግልገል በአንድ ጊዜ የሚጠጣው የክብደቱን 5 በመቶ ያህል ነው። ለእሷ ያ 2 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። እኔ ሌሊቱን በማንኪያ ነበር የማጠጣት።

አመጋገቡን በእጁ አሳየኝ። በጀርባዋ አላስተኛትም። በሆዷ መዳፉ ላይ አሳረፋት፤ ራሷ ትንሽ ቀና አለ። መርፌው የወለቀ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ወሰደ። አንዲት ጠብታ ከንፈሯ ጋ አስጠጋና ጠበቀ። አልገፋም። ምላሷ ወጣች፤ የሩዝ ፍሬ ታህላለች። ላሰች። ደግማ ላሰች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ከጨርቁ አውጥታ ሲሪንጁን ጨብጣ ያዘች። ጣቶቿ የሰው ጣት ይመስላሉ። ሱቁ ውስጥ ማንም ሰው አልተናገረም።

በአፍንጫዋ ከወጣ ወዲያው ማቆም፣ ራሷን ወደ ታች ዘንበል ማድረግ፣ መጥረግ ነው። ወደ ሳንባ የገባ ወተት የሳንባ ምች ያመጣል። ይህን ሲነግረኝ የሞተችው እህቷ ትዝ ብላኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከመገቧት በኋላ ደግሞ በሞቀ ውሃ በራሰ ጥጥ ከሆዷ በታች ቀስ ብሎ ማሸት አለ። ዓይኑ ያልተከፈተ ግልገል በራሱ አይሸናም፤ እናቱ እየላሰች ናት የምታሸናው። አራት ልጅ አሳድጌ ይህን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ወተት የለም አለ፤ ልጆች ሲያስቀምጣቸው የምንሰጠውን ለምለም ብቻ፣ ለብ አድርጌ። እሱን ከሰው መድኃኒት ቤት ገዛሁ። ከዚያ ተቀቅሎ የበረደ የፍየል ወተት፣ ከጎረቤታችን ከሐጂ ቤት። «እሱም መሻገሪያ ነው» ብሎኛል። የሽኮኮ እናት ወተት ከላም ወተት ይልቅ በቅባትና በፕሮቲን በጣም የወፈረ ነው፤ ስኳሩ ደግሞ ያንሳል። ለዚህ የሚቀርበው ለቡችላ የሚሠራው የወተት ዱቄት ነው። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በመኪና ላከልኝ፤ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። አንድ እጅ ዱቄት ለሁለት እጅ ውሃ፣ መጀመሪያ ቀጠን አድርጎ፣ ቀስ በቀስ ወደ ልኩ። ተቅማጡ በሁለት ቀን ቆመ። ልጄ ስም አወጣችላት፤ በዛፏ ስም፣ ዋንዚቱ።

ዶክተሩ ጋ የከፈልኩት የሁለት ሲሪንጅ ዋጋ ነው፤ 30 ብር። ለምርመራ ብር ብሰጠው እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየወሰድኳት ያያት ነበር። ወርቅ ቤትም እንገባ ነበር።

ቅሬታም አለኝ። የቡችላ ወተት ሱቁ ውስጥ መኖር ነበረበት። ጅማ ውስጥ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው፤ እናቱ የሞተችበት ቡችላም አይጠፋም። አራት ቀን ሙሉ «ትደርስ ይሆን?» እያልኩ ሳልተኛ አድሬያለሁ። መቀመጫም የለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች በግ ይዘው ቆመው ነው የሚጠብቁት፤ ሁለት በርጩማ ቢደረግ ምን አለበት? ሲመሽ ደግሞ ስልኩ አይነሳም። ከ5 ኮከብ 4 የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ዓይኗ ከተከፈተ በኋላ ልጆቼ አንለቃትም ብለው ነበር። ዶክተሩ ቁርጡን ነገረን። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማኖር በሕግ ክልክል ነው። እሱ ራሱ ለአንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ደውሎ አሳወቀልን፤ እስክትጠና ብቻ እንድንይዛት ተስማማን። ምግቧንም አስተካከለ። ኦቾሎኒና በቆሎ ትወዳለች ብሎ እሱን ብቻ መስጠት ካልሲየም ያሳጣታል፤ አጥንቷ ይለሰልሳል። ሾላ፣ ዘይቱና፣ ለጋ ቅጠልና ቡቃያ ሰጠናት። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተን እንጨምርላት ነበር። የምትቀረጥፈው አጥንትም አደረግንላት። ከሰው እጅ እንድትርቅ ብለን ማቀፍ ተውን። ለልጄ ከሁሉም የከበዳት ይሄ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ የመኝታ ሣጥኗን ሾላው ላይ ሰቀልነው። በሩን ከፈትነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ እየተመለሰች ተኛችበት፤ ምግብም አስቀመጥንላት። ከዚያ ሣጥኑ ባዶውን ማደር ጀመረ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከቡናው በላይ ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ሁላችንም ቀና እንላለን።

ሱቋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ትከፈታለች። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ትዘጋለች። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ወረፋው ይረዝማል። የታመመ ግልገል ይዛችሁ ከሆነ ግን ካርቶኑን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩት፤ ያስቀድማችኋል።