ቢላ በትዕዛዝ ልታሰሩ ያሰባችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

አቦ አረፋ እየደረሰ ነው፣ ለማረጃና ለመግፈፊያ ደህና ቢላ ላሰራ ብላችሁ የምትዞሩ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚ ተጠንቀቁ። ድሬ ውስጥ ስልኩ ላይ የውጭ አዳኞች ቢላ ፎቶ ደርድሮ "ከዚ ውስጥ መርጣችሁ ንገሩኝ እሰራላችኋለሁ" የሚል ሰው አለ፣ የአጎቴ ልጅ ከግማሽ በላይ ቀብድ ከፍሎ የተረከበውን ቢላ በእጄ ይዤ ስላየሁት ነው የምጽፈው፣ ወላሂ ያናድዳል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተራ ቢላ ዋጋ ይነግራችኋል፣ ከዛ ጫፉ እንደዚ ከሆነ ጨምሩ፣ ጀርባው ላይ መንጠቆ ከፈለጋችሁ ጨምሩ፣ የመጋዝ ጥርስ ከሆነ ጨምሩ፣ ደማስቆ (ያ ላዩ ላይ ሞገድ መስመር ያለው ብረት) ከሆነ ደሞ እጥፍ እያለ ይሄዳል። ሚያስጨምራችሁ ነገር ሁሉ ለእኛ ስራ አይጠቅምም ወይ ደሞ ውሸት ነው።

መንጠቆው የውጭ አዳኝ የአጋዘን ሆድ ሲከፍት አንጀቱን እንዳይበሳ ብሎ ሚጠቀምበት ነው። የእኛ ሰው ፍየሉን ሰቅሎ በሁለት ጣቱ ቆዳውን ከፍ አድርጎ ስለቱን ወደ ላይ አዙሮ ይከፍታል፣ አለቀ። ደሞ መንጠቆ ውስጡ መሳል አለበት፣ ተራ መሳያ ድንጋይ አይገባለትም፣ ቀጭን ክብ ሞረድ ይፈልጋል። እኔ ያየሁት ላይ ውስጡ ጭራሽ አልተሳለም፣ በግራይንደር ተቆርጦ ተተወ፣ ለዛ ነው ብር ያስጨመረው!

ጫፉ ላይ ደሞ ሁሉም ሰው ሚሸወደው በዛ ጀርባው ጫፉ ጋ ተቆርጦ ጎድጎድ ባለውና በጣም ሹል በሆነው ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ለመውጋት ጎበዝ ነው፣ ግን ጫፉ ቀጭን ስለሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ ከትታችሁ ትንሽ ካጣመማችሁት ይሰበራል፣ ስትገፍፉ ደሞ ቆዳውን ይበሳል፣ አንጀት ከነካ ስጋው ተበላሸ። ጀርባው ቀስ እያለ ወደ ጫፉ ዝቅ የሚለው ነው ጥሩው፣ ጫፉ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ የት እንደደረሰም እጃችሁ ያውቃል። አሜሪካዊው ቢላ ሰሪ ቦብ ላቭለስ በአዳኞች ዘንድ ስሙ የገነነው በዚ ቅርጽ ነው፣ ማለት ራሳቸው አዳኞቹም ለሹሉ አይሞቱም። ለመግፈፍ ብቻ ከሆነ ሆዱ ሰፋ ብሎ የዞረ አጭር ቢላ፣ ለማረድ ረዘም ያለ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሹል ባይሆንም ችግር የለውም። ሁለቱን በአንድ ቢላ እሰራለሁ ካላችሁ አትመኑት።

የመጋዝ ጥርስ ስጋ ላይ ይቀዳድዳል እንጂ አይቆርጥም፣ ሲደነዝዝ ደሞ ቤት ውስጥ መሳሉ አስቸጋሪ ነው። ገመድ ለሚቆርጥ ሰው ነው ጥሩ። ለማረጃማ ጭራሽ! ስለቱን ሳል እንስሳውን አታሰቃይ ተብሎ በሐዲስ የታዘዘ ነገር እኮ ነው።

ስለቱን በደንብ እዩት። ጎኑ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ የተሞረደ ቢላ ጸጉር ይላጫል ግን አፉ ስስ ስለሆነ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል፣ ከጀርባው እስከ አፉ ቀጥ ብሎ እየሳሳ የመጣው ለቤት ስራ ይሻላል፣ አፉ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ቢሳል ይበቃዋል። የአጎቴ ልጅ ቢላ ግን ወፍራም ላሜራ ነው፣ አፉ ብቻ ትንሽ ተሞርዶ መጥረቢያ መስሏል። ወረቀት ቆርጦ አሳየን፣ ወረቀት ማንኛውም የተሳለ ብረት ይቆርጣል፣ ለስላሳ ብረት ሚታወቀው የመጀመሪያው ፍየል ሳያልቅ ሲደነዝዝ ነው። ሞረድ ይዛችሁ ሂዱና አፉ ጋ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፣ በደንብ ግሎ ዘይት ውስጥ የተነከረ ብረት ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ በቀላሉ ከነከሰ ለስላሳ ነው። የመኪና ባሌስትራ ነው ቢላችሁ አትናቁት፣ በስርአት ከተሰራ ምርጥ ነው፣ ችግሩ ባሌስትራ ነው ብሎ ላሜራ መሸጡ ነው።

ደማስቆ የተባለው እውነተኛው ሁለት አይነት ብረት አብሮ ተቀጥቅጦ ሚሰራ ነው፣ መስመሩ ብረቱ ውስጥ ያልፋል፣ ጀርባው ላይም ይታያል። በብርጭቆ ወረቀት ብትፍቁት ይጠፋል ግን አሲድ ሲነካው ተመልሶ ይወጣል። ይሄ ሰውዬ የሰጠው ጎኑ ላይ ብቻ የታተመ ነው፣ ጀርባው ልሙጥ፣ ፈቅነው አሲድ ብናስነካውም አልተመለሰም። እጀታውን ስንፈታው ደሞ ብረቱ ወደ ውስጥ የገባው የጣት ያህል እንኳን አይሆንም፣ በማጣበቂያ ተለጥፎ! እርጥብና ቅባት ያለው እጅ ውስጥ እንደዚ አይነቱ ቢወልቅ ማን ላይ እንደሚሄድ አስቡት። ብሩን መልስ ሲባል አሁን ስልክ አያነሳም።

ስለዚ ቀብድ ትንሽ ብቻ ስጡ፣ እጀታው ሳይገጠም ብረቱን ካላየሁ ቀሪውን አልከፍልም በሉ፣ ብረቱም እስከ እጀታው ጫፍ ሄዶ በሪቬት ይመታ። ፎቶም አትምረጡ፣ ቤት ውስጥ ዘመን ያገለገለ ጥሩ ቢላ ካለ እሱን ይዛችሁ የምታውቁት ቀጥቃጭ ጋ ሂዱና ልክ እንደዚ ስራልኝ በሉት።