ከባለድሉ ጎን የተቆረጠው ሰው፦ የአንድ ፎቶ ማተሚያ ቤት ሥራ ግምገማ

በአራት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ አንድ የፎቶ ማተሚያና የፍሬም ቤት ከሠርግና ከምረቃ ፎቶዎች ጎን ለጎን ዝነኛ ታሪካዊ ፎቶግራፎችን በትልልቅ መጠን እያተመ ይሸጣል። አበበ ቢቂላ በሮም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ፣ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ፣ እንዲሁም የአፍሪካ መሪዎች በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተነሡት የጋራ ፎቶ በማሳያው ላይ ይገኛሉ። ገዢዎቹ በአብዛኛው ለቢሯቸው፣ ለካፌያቸው ወይም ውጭ አገር ለሚኖር ዘመዳቸው ስጦታ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። እኔም ለቤቴና ለስጦታ የተወሰኑትን ገዝቻለሁ፤ ያልገዛኋቸውንም በማሳያው ፊት ቆሜ ጊዜ ወስጄ ተመልክቻለሁ። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች በሌሎች የፎቶ ቤቶችም የሚታዩ ስለሆኑና አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍትሐዊ ስላልመሰለኝ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የእጅ ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ምስሎቹን በኮምፒውተር አስተካክሎ የሚቆርጠው ባለሙያ ግን እነዚህ ፎቶዎች ለምን በሰው ልብ ውስጥ እንደቀሩ ያሰበበት አይመስልም።

ከእጅ ሥራው ልጀምር። ወረቀቱ ወፍራምና የማያብለጨልጭ በመሆኑ መስኮት ፊት ለፊት ቢሰቀል እንኳ ምስሉ በብርሃን አይሸፈንም። የጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ ጥላ ድፍን ጥቁር ሆኖ አልቀረም፤ በጨለማው ውስጥ የቆሙ ሰዎች ልብስና የመንገዱ ድንጋይ ተለይተው ይታያሉ። በምስሉና በመስታወቱ መካከል ነጭ የካርቶን ጠርዝ ስለሚገባ ወረቀቱ በክረምት እርጥበት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ አይበላሽም፤ ይህን ጥንቃቄ ብዙ ፍሬም ቤቶች ወጪ ለመቀነስ ይተዉታል። ካንቫሱን ግን አልመክርም። ለአዲስ ባለቀለም ፎቶ ሊያምር ይችላል፤ ለአሮጌ ጋዜጣዊ ፎቶ ሲሆን ግን የሸራው ሸካራነት መጀመሪያውኑ በፊልሙ ላይ ካለው ቅንጣት ጋር ተደራርቦ የፊት ዝርዝሮችን ያጠፋቸዋል። ለካንቫስ የሚጨመረውን ዋጋ ለተሻለ እንጨት ማዋል ይሻላል።

በማሳያው መካከል ላይ የተሰቀለው የአበበ ፎቶ ነው፤ ቅሬታዬም ከእርሱ ይጀምራል። ሩጫው የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሲሆን፣ የሮምን የቀን ሙቀት ለመሸሽ ሲባል ወደ ማታ ተጀምሮ በኮንስታንቲን የድል ቅስት ሥር በጨለማ ተፈጽሟል። በአሮጌው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ችቦ የያዙ ወታደሮች ቆመው ነበር። አበበ ደረቱ ላይ 11 ቁጥርን ለጥፎ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲገባ፣ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከ25 ሰከንድ ገደማ በኋላ ተከትሎት ገብቷል። ከዚያ ምሽት ከተረፉት ፎቶዎች መካከል እጅግ የሚስበው ሁለቱ ሯጮች ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ 11 እና 185 ቁጥሮች ጎን ለጎን እየታዩ የሚሮጡበት ነው። አበበ ከሩጫው በፊት 26 ቁጥር የለበሰውን ራዲን እንዲጠነቀቅ ተነግሮት እንደነበር፣ ራዲ ግን በሌላ ቁጥር በመሮጡ አጠገቡ ያለውን ተፎካካሪ ሳያውቅ ከፊቱ ያለ ሰው ሲፈልግ እንደነበር ይነገራል። ፎቶውን ይህን እያሰቡ የሚያዩት ሰዎች የአበበን ዓይን አቅጣጫ በሌላ መልክ ይመለከቱታል።

ማተሚያ ቤቱ ግን ራዲን ቆርጦ ጥሎታል። ምክንያቱን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ቀላል ነበር፤ በብዛት የተዘጋጁት ፍሬሞች ቁመታቸው ከወርዳቸው ስለሚበልጥ አግድም ያለ ፎቶ አይገባባቸውም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ደንበኛ የሚፈልገው አበበን እንጂ ሌላውን እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳችኝ። ሁለቱም ምክንያቶች ይገቡኛል። ነገር ግን ራዲ ሲወጣ የቀረው በጨለማ መንገድ ላይ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ነው፤ ማን እንዳሳደደውና ምን ያህል እንደከበደው የሚያሳይ ነገር የለም። ለሞሮኮ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያስገኘው ሰው በፍሬም መጠን ምክንያት ከታሪኩ ሲወጣ ደግሞ የአበበ ድል ራሱ ይቀልላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወስዳ ሮም ላይ ያቆመችው የአክሱም ሐውልትም በሩጫው መንገድ ላይ ይገኝ ነበር፤ አበበ ተነጥሎ የወጣው በዚያው አካባቢ ነው። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. መሆኑን የሚያውቅ ተመልካች በፎቶው ዳር ያለውን ጨለማ ሳይቀር ይፈልገዋል።

ከዚሁ ፎቶ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ ሌላ ቅጂ አለ፤ በተሻለ ዋጋም ይሸጣል። ፕሮግራሙ ቀለሙን የሚያስቀምጠው በግምት ስለሆነ ሰማዩ ሰማያዊ፣ መንገዱ ቡናማ፣ የአበበ ገላ ደግሞ ቀይ ዳማ ሆኗል። ሩጫው በሌሊት እንደተፈጸመ የሚያሳየው የችቦና የመኪና መብራት ንፅፅር ጠፍቶ፣ ምስሉ አመሻሽ ላይ በእንጦጦ የተነሣ የልምምድ ፎቶ መስሏል። ይህን ቅጂ ማንም እንዳይገዛው እመክራለሁ።

ከሱቁ የጠፋውና ሊኖር የሚገባው የ1957ቱ የቶኪዮ ፎቶ ነው። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ በዚህኛው ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በመግባት ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ከዚያም ሌሎቹ እስኪመጡ ድረስ በሜዳው ሣር ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ከጎኑ ሰው አለመኖሩ ሙሉ ትርጉም የሚሰጥ ፎቶ ካለ ያ ነው፤ ብቻውን ሆኖ የሚታየው ማንም ሊደርስበት ስላልቻለ እንጂ መቀስ ስለነካው አይደለም።

የደራርቱ ፎቶ ከሁሉም ይበልጥ አሳዝኖኛል። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ሩጫውን ስትመራ ደራርቱ ከኋላዋ ሳትለይ ቆይታ፣ በመጨረሻው ዙር ተነጥላ በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ አሸነፈች። ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከመስመሩ ካለፈች በኋላ ማየርን ጠብቃ አቀፈቻት፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ታግዳ ከቆየች በኋላ ከ32 ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ውድድር ስለነበር፣ አንዲት የአርሲ ልጅና አንዲት ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት በአንድ እርምጃ ሲሮጡ ማየት ብዙ ንግግሮች ያልቻሉትን ተናግሯል። ሱቁ ውስጥ ያለው ቅጂ ደራርቱን ከወገቧ በላይ ብቻ ያሳያል። በፎቶው ቀኝ ጠርዝ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የእጅ ጣት ቀርቷል። ማየርን ቆርጠው ሲያወጡ ጣቷን ረስተውታል።

የሲድኒው ከዚህ ጉዳት ያመለጠው ሊቆረጥ ስለማይችል ብቻ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ10,000 ሜትር የተለያዩት በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ሰከንድ መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለት ደረቶች ወደ አንድ መስመር ሲዘነበሉ የሚያሳየው ይህ ፎቶ አንዱ ቢወጣ ወዲያው ትርጉም ያጣል። በወፍራም ወረቀት ላይ፣ በሰፊ ነጭ ጠርዝ የታተመው ቅጂ በቤቱ ካሉት ሥራዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ዋጋውም ተገቢ ነው።

በጄኔቫው ፎቶ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ምስሉ ሳይነካ ታትሟል፤ ከሥሩ የተለጠፈችው የነሐስ መሳይ ጽሑፍ ግን «ጄኔቫ፣ 1936 ዓ.ም.» ትላለች። ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ 1936 የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው። በጽሑፉ መሠረት ከሄድን ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል አድርገው አዲስ አበባ ከገቡ ከዓመታት በኋላ አቤቱታ ለማሰማት ወደ ጄኔቫ ተጉዘዋል ማለት ነው። ባለቤቱ ስሕተቱን ስነግራቸው ሳያቅማሙ ተቀብለው ያለ ክፍያ አስተካክለውልኛል፤ ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ፎቶው ራሱ ጸጥ ያለ ነው፤ ጥቁር ካባ የደረበ ቀጭን ሰው ከመድረኩ ላይ ቆሟል። ኃይሉ የሚመጣው በፎቶው ውስጥ ከማይታየው ነገር ነው፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨት ሲረብሿቸው ነበር፤ እርሳቸውም ጋጋታው እስኪበርድ ታግሠው ንግግራቸውን በአማርኛ አደረጉ። ሁለት መስመር ማብራሪያ ከጀርባው ቢታተም ይህን ለማያውቅ ወጣት ገዢ ትልቅ አገልግሎት ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን የተወሰዱበት ፎቶ በማሳያው ላይ የለም፤ ሲጠየቅ ግን ይታተማል። ባለቤቱ እንደነገሩኝ የዘውድ በዓሉን የሚፈልግ እንጂ ይህንን የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚሰቅል ሰው ቢገኝ ግን ስለዚያ ዘመን ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማያንስ ነገር ግድግዳው ላይ ይኖረዋል። የ1955ቱ የመሪዎች ፎቶ በትንሽ መጠን ብቻ መቅረቡ ደግሞ ዋጋ ያሳጣዋል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት 32 አገሮች ነበሩና በዚያ መጠን ከፊት ረድፍ በስተቀር ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

አንድ ዝነኛ ምስል ግን በዚህ ቤት አይሸጥም፤ ባለመሸጡም ከባለቤቱ ጋር እስማማለሁ። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮረም ላይ የቀረጻቸው የረሃብ ምስሎች ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ከተላለፉ በኋላ ዓለምን አንቀሳቅሰዋል፤ በቀጣዩ ክረምት መግቢያ ላይ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም ከዚያ የተወለደ ነው። ምስሎቹ የሰው ሕይወት አትርፈዋል፤ ቦታቸው ግን ሙዚየምና ቤተ መዛግብት እንጂ የካፌ ግድግዳ አይደለም። በዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም፤ ፎቶ እንዲነሡም የጠየቃቸው አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። አሚን ራሱ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ ክንዱን አጥቷል፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል።

የአሚንን ስም ማንሣቴ ወደ ሌላው ቅሬታዬ ይወስደኛል፤ በሱቁ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች በአንዱም ላይ የፎቶ አንሺው ስም የለም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ሲያነሡ የኖሩት የአርመን ተወላጆቹ የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት፣ ወይም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይፋዊ ፎቶ አንሺ ሆነው አገልግለው ኋላ ሥራዎቻቸውን ይዘው ለንደን የገቡት ሽመልስ ደስታ፣ ስማቸው ከሥራቸው ሥር ቢጻፍ ከገዢው የሚቀነስበት ነገር የለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል፤ ማተሚያ ቤቱ የትኞቹን ለማባዛት ፈቃድ እንዳለው ስጠይቅ ግን ግልጽ መልስ አላገኘሁም። በዚህ ላይ የምሰጠው ነጥብ ዝቅተኛ ነው።

አገልግሎቱ በሌላ በኩል ጥሩ ነው። ሠራተኞቹ ትሑቶች ናቸው፤ ትእዛዝ በተባለው ቀን ይደርሳል፤ ውጭ አገር ለሚላክ ሥራ ፍሬሙን ትተው ፎቶውን በጠንካራ የካርቶን ቱቦ ጠቅልለው ይሰጣሉ። ዋጋው የሚተመነው በወረቀቱ ስፋት ስለሆነ የአበበንና የደራርቱን ፎቶ ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ እንዲያትሙ የሚያዝ ደንበኛ ለኅትመቱ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው በፍሬሙ ላይ ነው፤ አግድም ፍሬም በትእዛዝ ስለሚሠራ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲያዝዙ ሙሉው ፋይል በስክሪኑ ላይ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊትም 185 ቁጥር በምስሉ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።