ዕቃውን ሁሉ አልሸጡልኝም፣ እኔ ግን አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ

ፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለች የጥበቃ ዕቃ መሸጫ ናት። ዩኒፎርም፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቴና፣ ቆመጥ፣ ፔፐር ስፕሬይ ምናምን አላት። ስሟን አልጠራም። ጠባብ ናት፣ ጎማ ጎማ ትሸታለች፣ ዋጋዋም ቆንጠጥ ያደርጋል።

የሄድኩት ለራሴ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ የጥበቃ ድርጅት ሊከፍት ነው፤ በቴሌግራም ዝርዝር ላከልኝ። 20 ካቴና፣ 10 በኤሌክትሪክ የሚነዝር ባትሪ (ያ ሲጫኑት ጠጠጠ የሚለው)፣ ከተገኘ ደግሞ እግር ብረት። "የጀርመን ይሁን፣ የቻይናው ቶሎ ይሞታል" የሚል ማሳሰቢያም አለበት።

ባለሱቁ አዛውንት ናቸው። ዝርዝሩን ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ለማን ነው?" አሉ። ኢትዮጵያ ስላቸው ሳቅ ብለው፣ ንጉሣችሁ ሦስት የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው መብራት ስለሌለ አንዱን ዙፋን አደረጉት አይደል አይሉኝም መሰላችሁ! ይቺ የአፄ ምኒልክ ወሬ እዚህም ደርሳለች። ማስረጃ የሌለው ተረት ነው አልኳቸው። "ይሁን፣ ዛሬ ግን ለሙዚየም ማሳያ ካልሆነ ከአውሮፓ አይወጣም" ብለው ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ።

እርሳስና ማስመሪያ አወጡ። አንድ ካቴና ቆልፈው ከዳር እስከ ዳር ለኩልኝ። ከ150 እስከ 280 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ የቀለበቶቹም ዙሪያ በልኩ ከሆነና እንዲያሳምም ተብሎ ካልተነካካ ተራ ካቴና ነው፣ የማሰቃያና የሞት ቅጣት ዕቃ ንግድን የሚቆጣጠረው ሕግ አይመለከተውም። እግር ብረቱን ሰረዙት፣ "እሱን ጨርሶ አልይዝም።" የሚነዝረው ባትሪ ላይ ደግሞ ክብ አደረጉ። ለራስህ መከላከያ አንድ ይዘህ ብትወጣ ሌላ ነገር ነው፣ አሥር ወደ ውጭ ልትልክ ከሆነ ግን የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ቢሮው እዚሁ ፍራንክፈርት አጠገብ ኤሽቦርን ነው፣ መጨረሻ ላይ ማን እጅ እንደሚገባ ይጠይቁሃል አሉኝ። እኔ የአክስቴን ልጅ አውቀዋለሁ። የሚቀጥራቸውን ልጆች ግን አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር።

ሕጉ የአውሮፓ ኅብረት ነው፣ ከ2006 ጀምሮ ይሠራበታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የአውራ ጣት ካቴና፣ እሾሃማ ቆመጥ፣ እስረኛ ወገብ ላይ ታስሮ የሚነዝር ቀበቶ፣ እነዚህ ጭራሽ ክልክል ናቸው፤ በንግድ ትርኢት ላይ መደርደር እንኳ አይቻልም። ለሞት ቅጣት የሚውሉ መድኃኒቶች የኤክስፖርት ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች ጋር የተጨመሩት ቆይተው ነው፣ በ2011 መጨረሻ። ከዚያ በፊት በ2010 ምዕራብ ለንደን ውስጥ አክተን በሚባል ሰፈር ድሪም ፋርማ የተባለ ትንሽ ድርጅት፣ ቢሮው የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ጓሮ ውስጥ የሆነ፣ ለአሜሪካ እስር ቤቶች የመግደያ ማደንዘዣ ይልክ ነበር። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ! "ለማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ባለሱቅ ለምን እንደሚያስፈልግ እዚያ ላይ ገባኝ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ ሱቁ ላይ ሳይሆን ሕጉ ላይ። አጎቴ በደርግ ጊዜ ወፌ ላላ ተገርፈዋል። እጅና እግራቸውን አስረው፣ በጉልበታቸው ስር እንጨት አሳልፈው፣ ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን። እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ጫማ ማጥለቅ ያቅታቸዋል። ለዚያ ያስፈለገው ገመድና ዱላ ብቻ ነው፣ ሁለቱም መርካቶ አሉ። ይሄን ለባለሱቁ ስነግራቸው ካቴናውን ቀስ ብለው ወደ መሳቢያው መለሱት። ቢሆንም የኤሌክትሪኩ ነገር ይለያል፤ ምልክት እምብዛም ስለማይተው የተገረፈው ሰው ምን ብሎ ያሳያል?

ደንቡ ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ ያለውን ነጋዴ አይዝም። በተባበሩት መንግሥታት በ2019 ለዚህ ንግድ ዓለም አቀፍ መመዘኛ ይጠና ተብሎ 81 አገሮች ደግፈው፣ 20 ተቃውመው፣ 44 ድምፅ አቅበው ነበር። አስገዳጅ ስምምነት ግን የለም።

በመጨረሻ አምስት ካቴና ብቻ ገዛሁ። ለአገልግሎቱ አምስት፣ ለዋጋው ሦስት ኮከብ፣ ለመኪና ማቆሚያው ዜሮ። ካርድ አይቀበሉም፣ ጥሬ ብር ይዛችሁ ሂዱ።

ለአክስቴ ልጅ ሁሉንም በድምፅ አስረዳሁት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የሌላ አገር ድረ ገጽ ሊንክ ላከልኝ። የሚነዝረው ባትሪ አለ፣ እግር ብረቱም አለ፣ ለማን ነው የሚል ጥያቄ የለም። አሥር ለገዛ አንድ ምርቃት ይላል። እስካሁን አልመለስኩለትም።